የትኛውን ጸረ ቫይረስ እንግዛ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ስለ መሥሪያ ቤትና ስለ ንግድ ድርጅት ኮምፒውተሮች ደኅንነት ከባሕር ዳር አንባቢያን የደረሱንን ጥያቄዎች እንመልሳለን። ጠያቂዎቹ ባሳሰቡን መሠረት ስማቸውንና የድርጅቶቻቸውን መጠሪያ ትተናል፤ ደብዳቤዎቹንም አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ በፋሲሎ ክፍለ ከተማ የሕንፃ መሣሪያ የሚያከፋፍል ድርጅት የሂሳብ ሹም ነኝ። ስምንት ኮምፒውተሮች አሉን፤ ሂሳባችንን የምንሠራው በፒችትሪ ነው። ድርጅቱ በየዓመቱ ለጸረ ቫይረስ ፈቃድ ይከፍላል። ሆኖም አንድ ሠራተኛ ለሕትመት ወደ ውጭ ይዞት ሄዶ የመለሰው ፍላሽ ከተሰካ በኋላ፣ በየትኛውም ኮምፒውተራችን ላይ የሚሰካ ፍላሽ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚያመራ አቋራጭ ምልክት) ይሆናሉ። የኮምፒውተር ባለሙያችን «ጸረ ቫይረስ መለወጥ ዋጋ የለውም፤ ዋይትሊስት (የተፈቀዱ ፕሮግራሞች ዝርዝር) እናድርግ» ይላል። ባለቤቱ ደግሞ «ሥራ ያስቆምብናል» ብለው አልተስማሙም። ማንን እንስማ?

መልስ፦ ባለሙያችሁ ትክክል ነው፤ የባለቤቱ ሥጋትም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ሁለቱን ለማስማማት በመጀመሪያ ኮምፒውተራችሁ ላይ የደረሰው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል።

ይህ ዓይነቱ ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ ፋይል አያጠፋም። በእውነተኛዎቹ ፎልደሮች ላይ የ«ተደበቀ» እና የ«ሲስተም ፋይል» ምልክት አድርጎ ከዓይን ይሰውራቸዋል፤ በምትካቸውም ተመሳሳይ ስም ያላቸውን ሾርትከቶች ያስቀምጣል። ሠራተኛው ሾርትከቱን ሲከፍት በመጀመሪያ በፍላሹ ውስጥ የተደበቀ አጭር ስክሪፕት (በጽሑፍ የተቀመጠ የትእዛዞች ዝርዝር) ይነሣል፤ ወዲያው እውነተኛው ፎልደር ስለሚከፈትለት ምንም የተለየ ነገር እንዳልተፈጠረ ያስባል። ፍላሽ ሲሰካ ፕሮግራም በራሱ እንዲነሣ ያደርግ የነበረው አሠራር ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ስለተዘጋ፣ እነዚህ ቫይረሶች የሰው ጣት እንዲያስነሣቸው ይፈልጋሉ፤ የሾርትከቱ ማታለያ የሚያገለግለውም ለዚሁ ነው።

የምትከፍሉበት ጸረ ቫይረስ ለምን አላስቆመውም? ጸረ ቫይረስ በዋናነት የሚሠራው ቀድሞ በታወቁ ክፉ ፋይሎች ምልክት ነው። አዲስ ፋይል ሲመጣ ከተመዘገቡት ምልክቶች ጋር ያነጻጽረዋል፤ ከዚህ አልፎም አጠራጣሪ ባሕርይ ያለውን ፕሮግራም ለማስቆም ይሞክራል። ስክሪፕት ግን ተራ ጽሑፍ ነው፤ ጥቂት መስመሮቹን ያዘበራረቀ ሰው በምልክት ረገድ አዲስ የሆነ ፋይል ያገኛል። በዚያ ላይ የምልክቶቹ መዝገብ በየዕለቱ መታደስ አለበት፤ መታደስ ደግሞ ኢንተርኔት ይፈልጋል። እኛ ባለንበት ሁኔታ ኢንተርኔት የሚቋረጥባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም፤ በእነዚያ ቀናት ጸረ ቫይረሱ የሚያውቀው እስከ ተቋረጠበት ቀን ድረስ የነበረውን ብቻ ነው፤ ፍላሹ ግን ከእጅ ወደ እጅ መዞሩን አያቆምም።

የተፈቀዱ ፕሮግራሞች ዝርዝር፣ ማለትም ዋይትሊስት፣ ጥያቄውን ይገለብጠዋል። «ይህ ፋይል ክፉ መሆኑ ይታወቃል ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ይህ ፋይል በዚህ ኮምፒውተር ላይ እንዲነሣ ድርጅቱ ፈቅዷል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ከፍላሽ የመጣው ስክሪፕት አዲስም ይሁን አሮጌ፣ ታወቀም አልታወቀ፣ አልተፈቀደምና አይነሣም። ይህን ለመወሰን ደግሞ በየቀኑ ከኢንተርኔት የሚወርድ ምንም ነገር አያስፈልግም። ኢንተርኔቱ በሚቆራረጥበትና ፍላሽ ዋናው የፋይል መጓጓዣ በሆነበት ከተማ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው ብዬ አምናለሁ። «የትኛውን ጸረ ቫይረስ እንግዛ?» ለሚለው ጥያቄ የምንሰጠውን ጊዜ ሩቡን እንኳ «በኮምፒውተራችን ላይ ምን ምን እንዲነሣ እንፍቀድ?» ለሚለው ብንሰጥ ከዚህ የበለጠ እንጠበቅ ነበር።

ወደ ባለቤቱ ሥጋት እንምጣ። ዝርዝሩ በችኮላ ከተሠራ በእርግጥ ሥራ ያስቆማል። ነገር ግን የእናንተን ስምንት ኮምፒውተሮች ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ፒችትሪ፣ ኤክሴልና ወርድ፣ የአማርኛ መጻፊያ፣ ብራውዘር፣ የፕሪንተር ፕሮግራም፣ ምናልባት ቴሌግራም። የንግድ ድርጅት ኮምፒውተር ሥራው የታወቀ በመሆኑ ዝርዝሩ አጭር ነው፤ ይህ አሠራር በቤት ኮምፒውተር ላይ ቢከብድ በመሥሪያ ቤት ግን የሚመቸውም ለዚህ ነው። በእርግጥ የሚለወጥ ነገር አለ፤ ሠራተኛ ደስ ያለውን ፕሮግራም በራሱ መጫን አይችልም፤ አዲስ ፕሮግራም ሲያስፈልግ የሚፈቅድ አንድ ኃላፊነት ያለው ሰው መኖር አለበት። ባለቤቱ መወሰን ያለባቸው ይህንን ነው፤ ያ ሰው ማን ይሁን፣ እርሱ በሌለበትስ ማን ይተካው?

ጸረ ቫይረሱን ግን አታንሡት። ኤክሴል የተፈቀደ ፕሮግራም ስለሆነ፣ በኤክሴል ፋይል ውስጥ የተደበቀ ክፉ ማክሮ፣ ማለትም በሰነዱ ውስጥ የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም፣ በኤክሴል በኩል ሊያልፍ ይችላል፤ እዚያ ላይ ጸረ ቫይረስ ያስፈልጋል።

ለአሁኑ ችግር፦ ኮምፒውተሮቹን ከኔትወርክ ለዩና አንድ በአንድ አጽዱ። በፍላሾቹ ላይ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጋችሁ፣ «የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ» የሚለውንም ምርጫ አንሥታችሁ፣ እውነተኛዎቹን ሰነዶች ብቻ ወደ ንጹሕ ቦታ ቅዱ፤ ከዚያ ፍላሾቹን ፎርማት አድርጉ። የፒችትሪውን መረጃ መጠባበቂያ ቅጅ ደግሞ ቅጅው እንዳለቀ ከኮምፒውተሩ በሚነቀል ውጫዊ ዲስክ ላይ አኑሩ፤ ተሰክቶ የሚውል ዲስክ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ በሚጠይቅ ቫይረስ አብሮ ይቆለፋልና።

ጥያቄ፦ በጣና ዳርቻ ካሉት የእንግዳ ማረፊያዎች በአንዱ የእንግዳ መቀበያ ኃላፊ ነኝ። ለበለጠ ጥንቃቄ ብለን ሁለት ጸረ ቫይረስ ጭነናል፤ ኮምፒውተሩ ግን እጅግ ዘገየ። አንዱን እናንሣ?

መልስ፦ አዎን፣ ዛሬውኑ አንሡ። ሁለት ጸረ ቫይረሶች እያንዳንዱን ፋይል በየፊናቸው ስለሚፈትሹ ኮምፒውተሩን ያዘገያሉ፤ አንዱ የሌላውን ሥራ እንደ ጥቃት ሊቆጥረውም ይችላል። በዊንዶውስ 10 እና 11 ውስጥ ያለው ዲፌንደር ሌላ ጸረ ቫይረስ ሲጫን በራሱ ገለል የሚለው ይህ ግጭት እንዳይፈጠር ነው። በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ ሁለቱንም አንሥታችሁ በዲፌንደር ብትቀጥሉ የሚያሳፍር ምርጫ አይደለም። ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ጊዜያት የዲፌንደርን አዲስ የምልክት መዝገብ ኢንተርኔት ካለበት ቦታ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ አውርዶ በንጹሕ ፍላሽ ማምጣት ይቻላል።

በዚያው በዲፌንደር ውስጥ፣ በራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) መከላከያ ክፍል፣ የፎልደሮችን አጠቃቀም የሚቆጣጠር ምርጫ አለ። ሲበራ የሰነድ ፎልደሮቻችሁን እንዲለውጡ የሚፈቀድላቸው የታመኑ ፕሮግራሞች ብቻ ይሆናሉ፤ ሌላው ይከለከላል። ይህ ራሱ ትንሽ ዋይትሊስት ነው፤ የእንግዶች መታወቂያና ፓስፖርት ቅጅ በምታስቀምጡበት ኮምፒውተር ላይ ሳይበራ መቅረት የለበትም። ሆኖም ይህ ምርጫ ፋይሎችን ከመለወጥና ከመቆለፍ እንጂ ተነብበው ከመሰረቅ አይጠብቅም፤ ስለዚህ እንግዳው ከሄደ በኋላ የማያስፈልገውን ቅጅ አጥፉት።

ጥያቄ፦ በከተማችን በሚገኝ፣ በርካታ ኮምፒውተሮች ባሉት ድርጅት የአይቲ ባለሙያ ነኝ። ኮምፒውተሮቹ ዊንዶውስ 10 እና 11 ፕሮ የተጫነባቸው ናቸው። የዊንዶውስን የዋይትሊስት መሣሪያ፣ አፕሎከርን፣ መጠቀም አስቤ ነበር፤ «ኢንተርፕራይዝ በተባለው ዓይነት ላይ ብቻ ነው የሚሠራው» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው? ከየት ልጀምር? በዲጂታል ፊርማ ያልተፈረሙ የአገር ውስጥ ፕሮግራሞችንስ ምን ላድርጋቸው?

መልስ፦ የሰሙት ቀድሞ እውነት ነበር፤ አሁን አይደለም። አፕሎከር ከዊንዶውስ 7 ጋር በ2009 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ደንቦቹን የሚያስከብረው በውድ ፈቃዶች ላይ ብቻ ነበር። ማይክሮሶፍት ይህን ገደብ አንሥቶታል፤ የቅጅ ቁጥሩ 2004 እና ከዚያ በላይ የሆነ ዊንዶውስ 10፣ እንዲሁም ማንኛውም ዊንዶውስ 11፣ በማሻሻያዎች የታደሰ እስከሆነ ድረስ ደንቡን ያስከብራል።

ከአፕሎከር በፊት ግን አንድ ሥራ አለ፤ እርሱ ካልተሠራ ቀሪው ሁሉ ከንቱ ነው። ሠራተኞቻችሁ በአድሚን አካውንት (በኮምፒውተሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ባለው መግቢያ) የሚሠሩ ከሆነ በቅድሚያ ወደ ተራ ተጠቃሚ አውርዷቸው። የአፕሎከር መነሻ ደንቦች ሦስት ነገሮችን ይፈቅዳሉ፦ በፕሮግራም ፋይልስ ፎልደር ያለውን፣ በዊንዶውስ ፎልደር ያለውን፣ ለአድሚን ደግሞ ሁሉንም። ሁሉም ሰው አድሚን በሆነበት ቢሮ ሦስተኛው ደንብ ሁለቱን ያፈርሳቸዋል። በከተማችን ቢሮዎች ብዙ ጊዜ የማየው ችግር ይህ ስለሆነ አጥብቄ እናገራለሁ።

ቀጥሎ መነሻ ደንቦቹን ፈጥራችሁ በማስከበር ሳይሆን በመታዘብ ሁኔታ ብቻ ጀምሩ፤ «አፕሊኬሽን አይደንቲቲ» የተባለው የዊንዶውስ አገልግሎት መብራቱንም አረጋግጡ፤ እርሱ ካልበራ ደንቡ አይሠራም። በመታዘብ ሁኔታ ምንም አይታገድም፤ ደንቡ ቢከበር ኖሮ ይታገድ የነበረው ፕሮግራም ግን ኢቨንት ቪውወር በተባለው የዊንዶውስ የክንውን መዝገብ ውስጥ በቁጥር 8003 ይመዘገባል። ያንን መዝገብ በየጊዜው እየሰበሰባችሁ አንብቡ። ከጠበቃችሁት የተለየ ነገር ታያላችሁ፤ ማንም የረሳው የባርኮድ ፕሮግራም፣ በአንድ ሠራተኛ ኮምፒውተር ብቻ ያለ የደመወዝ ማስሊያ፣ ማን እንደጫነው የማይታወቅ የቪዲዮ ማውረጃ።

የመታዘቢያው ጊዜ ቢያንስ አንድ ሙሉ የወር መዝጊያን ማካተት አለበት፤ በወር አንድ ቀን ብቻ የሚነሡ የደመወዝና የግብር ፕሮግራሞች ካልታዩ በዝርዝሩ ውስጥ አይገቡም፤ በደመወዝ ቀንም ይታገዳሉ። ማስከበሩን በሰኔና በሐምሌ አትጀምሩ። የበጀት ዓመት በሚዘጋበትና የግብር ማሳወቂያ በሚዘጋጅበት ሰሞን አንድ ፕሮግራም ቢታገድ፣ አሠራሩ ለዘለቄታው ይጠላል፤ የተጠላ አሠራር ደግሞ በአንድ ትእዛዝ ይነሣል።

ደንብ የሚጻፍባቸው ሦስት መንገዶች አሉ፤ ለአገር ውስጥ ፕሮግራሞች ያነሡት ጥያቄም የሚመለሰው በእነዚሁ ነው። በዲጂታል ፊርማ ለተፈረመ ፕሮግራም በአሳታሚው ስም ፍቀዱ፤ ፕሮግራሙ ሲታደስ ደንቡ አይፈርስም። ቴሌግራም ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው፤ በኮምፒውተር ላይ የሚጫነው በራሱ በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ በመሆኑ መነሻ ደንቦቹ ያግዱታል፤ በየጊዜው ስለሚታደስም በአሳታሚ መፍቀዱ ይበጃል። ፊርማ ለሌለው ፕሮግራም፣ አንዳንድ የአማርኛ መጻፊያዎችንና ለአንድ ድርጅት ተብለው የተሠሩ የሂሳብ ፕሮግራሞችን ጨምሮ፣ የፋይሉን ሐሽ (ከይዘቱ ተሰልቶ የሚገኝ መለያ ቁጥር) መዝግቡ፤ ፋይሉ በአንዲት ፊደል ቢለወጥ ሐሹ ስለሚለወጥ ጥብቅ ነው፤ ፕሮግራሙ በታደሰ ቁጥር ግን እንደገና መመዝገብ አለበት። ሦስተኛው በፎልደር አድራሻ መፍቀድ ነው፤ ቀላሉ እርሱ ነው፤ አደገኛውም እርሱ ነው። አንዳንድ የቆዩ የሂሳብ ፕሮግራሞች ከፕሮግራም ፋይልስ ውጭ፣ በቀጥታ በሲ ድራይቭ ሥር ይቀመጣሉ፤ ያን ፎልደር በአድራሻ ፈቅዳችሁ ተራ ተጠቃሚም በውስጡ መጻፍ ከቻለ፣ ቫይረሱም እዚያው ገብቶ በፈቃድ ይነሣል። በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ራሱ ተራ ተጠቃሚ የሚጽፍባቸው ንዑስ ፎልደሮች አሉ፤ የጊዜያዊ ፋይሎች ፎልደር አንዱ ነው፤ እነዚህን ከመነሻው ደንብ አውጧቸው።

የስክሪፕት ደንቦችን አትርሱ። ብዙ ባለሙያዎች የፕሮግራም ደንቦችን ብቻ አብርተው ይተዋሉ፤ የሾርትከቱ ቫይረስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስክሪፕት በመሆኑ በዚያው ክፍተት ያልፋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ምን ያህል መተማመን ይቻላል? ማይክሮሶፍት ራሱ አፕሎከርን እንደ ተጨማሪ የመከላከያ ሽፋን እንጂ እንደማይሰበር አጥር አያየውም፤ የበለጠ ጥብቅ ለሚፈልግ አፕ ኮንትሮል ፎር ቢዝነስ የተባለውን ይመክራል፤ ያኛው አድሚኖችንም ሊገድብ ይችላል፤ ለማስተዳደር ግን ይከብዳል። ከሁለቱም የሚያልፍ አደጋም አለ። በሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም. ኖትፔትያ የተባለው ጥቃት ከዩክሬን ተነሥቶ እንደ ሜርስክ ያሉ ዓለም አቀፍ ድርጅቶችን ያናጋው፣ በዚያ አገር ብዙ ድርጅቶች ለግብር ሥራ በሚጠቀሙበት ኤም.ኢ.ዶክ በተባለ የሂሳብ ፕሮግራም ማሻሻያ ውስጥ ተደብቆ ገብቶ ነው። ያ ፕሮግራም በየትኛውም ድርጅት ዝርዝር ላይ «የተፈቀደ» ተብሎ ይሰፍር ነበር። ስለዚህ የፈቀዳችሁት ፕሮግራም ሲታደስ በመጀመሪያ በአንድ ወይም በሁለት ኮምፒውተሮች ላይ ሞክሩት፤ ከቀናት በኋላ ለሁሉም አድርሱት። ለፕሮግራም ማሻሻያ ይህን ጥንቃቄ የሚጠይቀው የጥቃት ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ በሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የክራውድስትራይክ የደኅንነት ፕሮግራም የተበላሸ ማሻሻያ በአንድ ጊዜ በመላው ዓለም ተሰራጭቶ ወደ 8.5 ሚሊዮን የሚደርሱ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ከሥራ ውጭ አድርጓል።

ጥያቄ፦ በፔዳ ግቢ አካባቢ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ዊንዶውሱን የጫነልኝ ልጅ ጸረ ቫይረሱ ክራኩን (ዊንዶውሱን ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የሚያነቃውን ፕሮግራም) እንዳያጠፋው ብሎ ዘግቶታል፤ ማሻሻያውንም ዘግቷል። በየቀኑ የብዙ ተማሪዎች ፍላሽ ይሰካበታል። ብዙ ገንዘብ ማውጣት አልችልም። ምን አድርግ ይሉኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያሉበት ሁኔታ ከሁሉም የሚያሳስብ ነው፤ ምክንያቱም የእርስዎ ኮምፒውተር ከአንዱ ፍላሽ የተቀበለውን ለሌላው ያስተላልፋል፤ በመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ደግሞ ከእርስዎ ሱቅ የወጣ ቫይረስ ወደ ብዙ ቤትና ቢሮ ይደርሳል።

ጸረ ቫይረሱ ክራኩን የሚያጠፋው የፈቃድ ጉዳይ አስጨንቆት ብቻ አይደለም። በ2021 እ.ኤ.አ. ኬኤምኤስፒኮ በተባለው የዊንዶውስ ማንቂያ ስም የይለፍ ቃላትንና የዲጂታል ገንዘብን የሚሰርቅ ክሪፕትቦት የተባለ ፕሮግራም ሲሰራጭ ተገኝቷል። የእርስዎ ክራክ ንጹሕ ይሁን አይሁን ሊፈርድ የሚችለውን ፕሮግራም ዘግተውታልና አሁን ማወቂያ መንገድ የለዎትም።

የማሻሻያው መዘጋት ደግሞ ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ዋናክራይ የተባለው ጥቃት በግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ተነሥቶ በ150 ገደማ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ሲመታ፣ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማሻሻያ ከወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። የተመቱት በዋናነት ያልታደሱት ነበሩ። ኮምፒውተርዎ ዊንዶውስ 10 ከሆነ ደግሞ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ የዲፌንደር የምልክት መዝገብ ከዚያ በኋላም መምጣቱን ይቀጥላል፤ የዊንዶውሱን ቀዳዳዎች ግን እርሱ አይደፍንም።

በአነስተኛ ገንዘብ የሚሠራው ይህ ነው። የደንበኛ ፍላሽ የሚቀበል አንድ ኮምፒውተር ለዩ፤ አሮጌውም ይሆናል፤ በእርሱ ላይ ነጻ የሆነውን ኡቡንቱ ሊኑክስ ጫኑበት። ለዊንዶውስ የተጻፈው የሾርትከት ስክሪፕት እዚያ አይነሣም፤ የተደበቁት ፎልደሮችም ያለ ችግር ይታያሉ። የደንበኛውን ሰነድ በዚያው ከፍታችሁ ወደ ፒዲኤፍ ለውጡና በኔትወርክ ወደ ማተሚያው ኮምፒውተር ላኩ፤ በማተሚያው ኮምፒውተር ላይ የማንም ፍላሽ አይሰካ። በነጻው ሊብሬኦፊስ ሲከፈቱ በወርድ የተጻፉ አንዳንድ ሰነዶች፣ በተለይ በቆዩ የአማርኛ ፊደሎች የተጻፉት፣ ቅርጻቸው ሊዛባ ይችላልና ተማሪው ቀድሞውኑ በራሱ ኮምፒውተር ፒዲኤፍ አድርጎ እንዲያመጣ ማስታወቂያ ለጥፉ። የማተሚያውን ኮምፒውተር ግን ገንዘብ እንደተገኘ በሕጋዊ ዊንዶውስ አስነሡት፤ እስከዚያው ቢያንስ ክራኩን አስወግዳችሁ ዲፌንደሩንና ማሻሻያውን ክፈቱ። «ዊንዶውስን አንቃ» የሚል ጽሑፍ በስክሪኑ ጥግ ላይ ቢታይ ዓይን ይረብሽ ይሆናል እንጂ የማንንም ፋይል አይበላም።

ፍላሹ በቫይረስ ተይዞ የመጣ ደንበኛ ሲያጋጥማችሁ ሾርትከቶቹን ብቻ አጥፍታችሁ አትመልሱለት፤ ባዶ መስሎት ቤቱ ሄዶ ፎርማት ያደርገዋል፤ የተደበቀው የመመረቂያ ጽሑፉም አብሮ ይጠፋል። ሰነዶቹን ወደ ንጹሕ ፎልደር ቅዱለት፣ መኖራቸውንም በዓይኑ አሳዩት፤ ፎርማቱ ከዚያ በኋላ ይሁን።